ዳለቻን ማን ጠራት?

ጀማሉዲን ከተደበቀበት ጉድጓድ የወጣው በገዛ እግሩ ነው። የጉድጓዱ አፍ አልፈረሰም፤ ዙሪያው ያለው ማሽላም አልተሰባበረም። ወጥቶ ቆሟል፣ ምናልባትም ልብሱን አራግፏል፣ ከዚያ በኋላ ነው ገመዱ ከኋላው አንገቱ ላይ የገባው። ሬሳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ረመዳን ከወጣ ወዲህ ሦስተኛው ሬሳችን ነበር።

ኋላ ሰው እንዳይስቅብኝ ስለ ራሴ አስቀድሜ ልናገር። ስሜ ሙሐረም ነው፤ የወሎ ሰው ነኝ። አገሬ ሳለሁ ፖሊስ ነበርኩ። ፖሊስ ስል የወረዳውን የእህል መጋዘን በር የሚጠብቅ ፖሊስ ማለቴ ነው፤ በሥራ ዘመኔ የያዝኩት ጥፋተኛ ቢኖር የጎረቤት አህያ ብቻ ነው። እዚህ አረብ አገር፣ ጂዛን፣ ይህን የሚያውቅ የለም። ፖሊስ እንደነበርኩ ሲሰሙ "ኢንስፔክተር" ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ ለሹፈት ነበር፤ ሰው መሞት ሲጀምር ግን ሹፈቱ ቀርቶ ሁሉም ዓይን ዓይኔን ማየት ያዘ። እኔም እውነቱን ለመናገር ጊዜው አለፈብኝ።

እርሻው ከሳብያ ወደ ዳማድ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ማሽላ፣ ማንጎ፣ ጥቂት ፍየሎች። ባለቤቱ ዐሚ የሕያ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ስለ እኛ ማወቅ የሚፈልጉት ግን ሥራው መሠራቱን ብቻ ነው። አንዳችንም ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀት የለንም። ሁላችንም በየመን በኩል በእግራችን የገባን ነን። ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ከሳምጣ ወዲያ ያለው ድንበር በመድፍ ይደበደባል፤ አንዳንዴ የምንተኛበት መሬት ይርዳል። ድንበሩ ሲግል ፍተሻውም በዛ። ሹርጣ የምንለው የፖሊስ መኪና ከአስፋልቱ ወደ እርሻው ሲታጠፍ ሁላችንም ሥራችንን ጥለን ወደየጉድጓዳችን እንበታተናለን።

ጉድጓዱን እያንዳንዱ ለራሱ ማሽላው ውስጥ ቆፍሮ በአገዳ ይከድነዋል። ስልክ እናጠፋለን፤ አንድ ጊዜ የአንዱ ስልክ ጮኾ እሱም ጎረቤቱም ተለቅመው ሄደዋል። ታዲያ ፍተሻው ማለፉን የምናውቀው በላም ነው። ተረኛው ጠባቂ አሸዋው ጉብታ ላይ ወጥቶ "ዳለቻ! ነይ ዳለቻ!" እያለ ይጣራል። ዳለቻ የምትባል ላም የለችንም፤ ጭራሽ ላም የለንም። የሚሰማ ሰው ግን ከብት የጠፋበት እረኛ ነው የሚመስለው። ጥሪውን የሰማ ሁሉ "ኧሆ!" ብሎ እየመለሰ ይወጣል፤ ማን እንዳለና ማን እንደጎደለ የምናውቀውም በዚህ ነው። ልጅ ሆነን ከብት ስናግድ ያደግን ሰዎች ያመጣነው ዘዴ ነው፤ በጣም እንኮራበት ነበር።

መጀመሪያ አባይ ጉድጓዱ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ሙቀት ነው ብለን ቀበርነው። ቀጥሎ እብሬ ሞተ። እብሬን ያጠብነው እኔና ይማም ነን። ይማም ቁርአን የቀራ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው፤ ሰው ሲሞትብን የሚያጥበውም የሚሰግድበትም እሱ ነው። እኔ ውሃ ሳፈስ እብሬ አንገት ላይ ቀጭን ሰንበር አየሁ።

"ይማም፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

እጁን ከሬሳው ላይ አላነሳም። "አንተም አየኸው?" አለኝ።

ከይማም ጋር የሚያገናኘን ብዙ ነገር ነው። ባህሩን የተሻገርነው በአንድ ጀልባ ነው። የመን ላይ አጋቾች የዘጉብንም በአንድ ቤት ነው፤ ዓይናችን በጨርቅ ታስሮ ሳምንታት ተቀምጠንበታል። ይማም ታናሽ ወንድሙን እዚያ ቤት አጥቷል። እኔ ስለቀቅ መራመድ አቅቶኝ ነበር፤ በትከሻው ተሸክሞ በረሃውን ያሻገረኝ ይህ ሰው ነው። ስለ ቤቱ ግን ተነጋግረን አናውቅም። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ዓይነት ቤት አልፏል፤ ማንም አያነሳውም።

ወደ ሹርጣ መሄድ አንችልም፤ ሄደን ምን ልንል? ስለዚህ እኔ፣ ይማምና ዘምዘም ሆነን ነገሩን ልንመረምር ተማማልን። ዘምዘም አስፋልቱ ዳር ባለች ክፍል ለሠራተኞች ምግብ የምታበስል ሴት ናት። መኪናው ሲታጠፍ ቀድማ አይታ የምታስጠነቅቀን እሷ ናት። ምላሷ ስለት ነው፤ ጭንቅላቷም ያው።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ነጭ ሃይሉክስ የሚነዳ ሰው ነበር። ሰው በሞተ ቁጥር መኪናው በሰፈሩ ታይቷል። ሳብያ የቀን ሠራተኛ የሚቆምበት አደባባይ ድረስ ሄደን፣ ሰው ጠይቀን፣ ከገበያው ጀርባ ደረስንበት። ሰውየው ጫት አሻጋሪ ሆኖ ተገኘ። ልናሳብቅበት የመጣን መስሎት አንድ እስር ጫት እጄ ላይ ጣለልኝና ጠፋ። ዘምዘም ይህን ስትሰማ "የኔ ኢንስፔክተር፣ ነፍሰ ገዳይ ፍለጋ ሄደህ ጫት ይዘህ መጣህ?" ብላ መሳቂያ አደረገችኝ።

ከዚያ ጀማሉዲን ሞተ፤ ሳቁም አለቀ። ያን ቀን እኔ ጉድጓዴ ውስጥ ነበርኩ። የመኪናው ድምፅ ከራቀ በኋላ "ዳለቻ... ነይ ዳለቻ..." የሚል ሰማሁ። ልነሳ ስል ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ የመጣውም ከጉብታው ሳይሆን ከማሽላው መሐል ነበር። ቀጥሎ ጀማሉዲን "ኧሆ" ሲል ሰማሁ። ሌላ ማንም አልመለሰም። እውነተኛው ተረኛ ከጉብታው ላይ የተጣራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጀማሉዲን ግን ለሁለተኛው ጥሪ አልመለሰም።

ዳለቻን የምናውቃት እኛ ብቻ ነን። የሚያንቀን ሰው ከእኛው ጋር ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ነበር ማለት ነው። ይህን ለሰዎቹ ነገርኳቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ መብላት ጀመረ። ወንድማማቾች እንኳ ጉድጓዳቸውን ተደባበቁ። እኔም ተኝቼ የጎረቤቴን ትንፋሽ ሳዳምጥ አድር ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር።

እንዲህ ሲሆን ሰው የሚጠረጥረው ሰው ይፈልጋል፤ አገኙም። ጌቱን።

ጌቱ እዚህ ስሙ ጀማል ነው። ክርስቲያን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በመንገድ ላይ ማተባቸውን በጥሰው የሙስሊም ስም ያወጡ ብዙ ናቸው፤ ማንም አይከፋበትም። ጌቱ ግን ከሰው አይገባም፤ አይናገርም ብንል ይቀላል። ሲጠሩት በጭንቅላቱ ነው የሚመልሰው። ዳለቻ ስትጠራ እንኳ "ኧሆ" አይልም፣ ያጨበጭባል። እኔ፣ አነጋገሩ ሃይማኖቱን እንዳያሳብቅበት የሚሰጋ ሰው አድርጌ ነበር የማየው፤ እንዲያውም አዝንለት ነበር።

"የሚደብቀው ነገር ባይኖር ለምን አይናገርም?" አሉ ሰዎቹ። "ኸላስ፣ አለቀ፣ እሱ ነው። ሌላ ሰው ከሞተ ወደ ሳምጣ ወስደን ድንበሩ ላይ እንጥለዋለን።"

ድንበሩ ላይ መጣል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚያ መድፉ ማንን እንደሚመታ አይጠይቅም። ሰው በዝምታው ብቻ እንዲሞት ልፈቅድ ነው? ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው።

ዘምዘም ጋ ሄድኩ። ሽንኩርት እየላጠች ሰማችኝ።

"ሦስቱም ሟቾች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ" አለች። "አገራቸው አንድ አይደለም፣ እርስ በርስ ተጣልተውም አያውቁም። ግን ሦስቱም አረብኛ ያቀላጥፉ ነበር። ከዐሚ የሕያ ጋር ስለ ሥራ የሚነጋገሩልን እነሱ ነበሩ።"

"አሁን የቀረ አረብኛ አዋቂ ማን አለ?"

"ጌቱ።"

"ጌቱ አረብኛ ይችላል?"

"አንድ ቀን ሽማግሌውን ብቻቸውን አግኝቶ ሲያናግራቸው በመስኮት ሰምቻለሁ። እንደ ውሃ ነው የሚወርድለት። እኔን ሲያይ ቀጥ አለ።"

ደነገጥኩ። ጌቱ ገዳይ ሳይሆን ቀጣዩ ሟች ሆኖ ታየኝ። ዝም የሚለውም አንድ ነገር ስላወቀ ይሆናል አልኩ። ያን ጊዜ ነው የእረኝነቴ ነገር ትዝ ያለኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው "ጥሪው ተቀይሯል፣ ከእንግዲህ የሚጠራው በዚህች ላም ነው፣ ለማንም አትንገር" ብዬ የተለያየ ላም ብሰጠውስ? ለአንዱ ቀዮ፣ ለአንዱ ጉራቻ፣ ለጌቱ ሻሽ። በሐሰት የሚጣራ ሰው ቢኖር፣ ለሁሉም ያችው የተነገረች መስሎት የሚያውቃትን የራሱን ላም ነው የሚጠራት። ሌላ ማንም ስለማያውቃትም ማንም አይወጣላትም። ከጉብታው የሚጣራ ተረኛ አይኖርም፤ እውነተኛው ምልክት ዘምዘም ራሷ መጥታ በየስማችን ስትጠራን ይሆናል።

"ይማምንም ልንገረውና ሦስታችን እንጠብቅ" አልኩ።

ዘምዘም ቢላዋውን አስቀመጠች። "ሙሔ፣ ለሱም ላም ስጠው።"

"ተሸክሞኝ በረሃ ያሻገረኝን ሰው?"

"እኔን ምንም አላሻገረኝም። ስጠው።"

በጣም ተናደድኩባት። ግን ሄጄ ለይማም ቡሬ የምትባል ላም ሰጠሁት። "ለማንም አትንገር" ስለው "ጥሩ ዘዴ ነው" አለኝ። አፈርኩ።

ፍተሻው የመጣው አንድ ረፋድ ላይ ነው። ሁሉም ተበታተነ። እኔ ወደ ጉድጓዴ አልሄድኩም፤ ጌቱ የተደበቀበትን አይቼ ስለነበር ጥቂት ራቅ ብዬ ማሽላው ውስጥ በደረቴ ተኛሁ። መኪናው ዙሩን ጨርሶ ወጣ። ፀሐዩ ጀርባዬን ይጠብሰኛል። በልቤ የሰዎቹን ስም ሁሉ እየጠራሁ ማንኛቸው ይሆን እላለሁ። አንዱ ከአባይ ጋር በሥራ ተጣልቶ ነበር፤ አንዱ ተኝቶ ያወራል፤ አንዱ ገመድ መግመድ ያውቃል። ሁሉም ገዳይ ሊሆን ይችል ነበር። የአንድ ሰው ስም ብቻ አልጠራሁም።

አገዳው ተንሿሿ። ቀጥሎ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ቡሬ... ነይ ቡሬ..."

መሬቱ ከሥሬ የተነሳ መሰለኝ። እንደገና ተጣራ። ከጌቱ ጉድጓድ ምንም ድምፅ አልመጣም። ተነስቼ አገዳውን ገለጥኩ። ይማም ፍየል የምናስርበትን የናይሎን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ ዘንበል አድርጎ ቆሟል። ሲያየኝ አልሮጠም። ገመዱን እጁ ላይ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

"ላሟን ለኔ ብቻ ነው የሰጠኸኝ፣ አይደል?" አለኝ።

"ለአንተ ብቻ ነው" አልኩት።

ማንጎው ሥር ሁሉም ተሰበሰበ። ማንም ይማምን አልነካውም፤ ሟቾቻችንን ሲያጥብልን የኖረ ሰው ነው፣ እጃቸው እንዴት ይነሳበት? ዘምዘም ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። ይማም መሬት ላይ ተቀምጦ ተናገረ፤ ሳይጠየቅ።

"የመን ቤት ውስጥ ዓይናችን ታስሮ ነበር። የማውቀው የአንዱን ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ለአረቦቹ የሚያስተረጉም፣ ለቤተሰቦቻችን የሚደውል አንድ አበሻ ነበር። አይሳደብም፤ ረጋ ያለ ጨዋ ድምፅ ነው። ወንድሜን ሲገርፉት ስልኩን ለእናቴ አቅርቦ 'እናቴ፣ አትዝጊው፣ ስሚው' አላት። ወንድሜ እየጮኸ ሞተ፤ እናቴ ሰማችው።"

አንዳንዶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ።

"እዚህ ከመጣን በኋላ አባይ አረብኛ ሲናገር ሰማሁት፤ እሱ ነው አልኩ። ቀረብ ብዬ ጠራሁት፣ ሲመልስልኝ እርግጠኛ ሆንኩ። ከቀበርነው በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከየመን ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም። ከዚያ እብሬ ሲናገር ሰማሁ፤ ያው ድምፅ ነው። ለካ ተሳስቻለሁ፣ እሱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ጀማሉዲን።"

"ሦስት ሰው አንድ ድምፅ ሊኖረው አይችልም" አልኩት።

"አሁን አውቃለሁ" አለ። "እስከ ዛሬ ያልሰማሁት የጌቱን ብቻ ነው። ለምን ዝም እንደሚል ደግሞ ገረመኝ።"

እዚህ ላይ ነው ሥራዬን የጨረስኩ የመሰለኝ። ጌቱን ነፃ አውጥቼዋለሁ፣ ገዳዩን ይዣለሁ። ቀና ስል ግን ማንም ይማምን አያይም ነበር። ሁሉም የሚያዩት ጌቱን ነው፤ እንደዚያ ሲያዩት አይቼ አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በዚያ ዓይነት ቤት ያለፉ ናቸው፤ የሁሉም እናት ስልክ ላይ ቆማለች።

"ተናገር" አለው አንዱ።

ጌቱ በጭንቅላቱ እምቢ አለ።

"'እናቴ፣ አትዝጊው' በል። በል፣ እንስማህ።"

ሌላው አካፋ አነሳ። ጌቱ ወደ እኔ አየ፤ ምን ላድርግ? ካልተናገረ ይገድሉታል። "በል" አልኩት።

ጌቱ ዓይኑን ጨፈነ። "እናቴ፣ አትዝጊው፣ ስሚው" አለ።

እሱ ነበር።

የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ አልነበረም፤ ጨርቁ ዓይኔ ላይ ተመልሶ የታሰረ መሰለኝ። ያቺን "እናቴ" የምትለውን ቃል በዚያ ድምፅ፣ በዚያ እርጋታ ለእናቴ ሲላት ሰምቻለሁ። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ሲጮህ ከቤት ትወጣለች፤ ጎረቤት ነው የሚያነሳላት። በዚያች ሰዓት ጌቱን ጠላሁት። በሕይወቴ ማንንም እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

ይማም እያለቀሰ ነበር። "አላውቅም" አለ። "እሱ ይመስለኛል። አባይም መስሎኝ ነበር። ከእንግዲህ አልለይም፣ ወላሂ አልለይም።"

አካፋውን የያዘው ወደ እኔ ዞረ። "ኢንስፔክተር፣ አንተም ከይማም ጋር አንድ ቤት ነበርክ። እሱ ነው?"

ሁሉም ጠበቁ። ራሴን በአዎንታ ነቅንቄ ብቻ ላስገድለው እችል ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ወደ ይማም አየሁ። በዓለም ላይ ከሁሉ የምወደው ሰው፣ ሦስት ንጹሕ ሰዎች አንቆ፣ በገዛ እጁ አጥቦ ቀብሮ፣ ማንጎ ሥር ተቀምጦ ያለቅሳል። ሌላ ሰው እንዲህ ሆኖ እንዲቀመጥ አልፈለግሁም።

"አይደለም" አልኩ። "የዚያኛው ድምፅ ወፍራም ነበር።"

ዘምዘም ብቻ ትኩር ብላ አየችኝ። ሰውየው አካፋውን ጣለ። ይማም ውሃ ለምኖ ዉዱእ አደረገና ወደ አስፋልቱ ሄደ፤ የሹርጣ መኪና የሚያልፍበት ቦታ ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ ልቀመጥ ብል "አንተንም ይይዙሃል፣ ያላ ተመለስ" አለኝ። ከመኪናው ላይ ሲጫን ከማሽላው ውስጥ ሆኜ አየሁት። እኔም አለቀስኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ውሃ ስቀዳ ጌቱ መጣ። ከዚያ በፊት ሦስት ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

"ለምን?" አለኝ። "አውቀኸኛል። አይቼሃለሁ።"

ባልዲውን መሙላት ቀጠልኩ።

"እኔም ታስሬ ነበር" አለ። "አረብኛ የሚችል አለ ወይ ሲሉ እጄን አነሳሁ። ውሃ ሰጡኝ። ሌላ ምን እንደሚያሠሩኝ አላወቅሁም፤ ካወቅሁም በኋላ ግን..."

"በቃ" አልኩት።

"ልንገርህ፣ ሙሐረም፣ ለሰው ነግሬው አላውቅም..."

"አትንገረኝ። እውነትህን ይሆናል፤ አምንሃለሁም። ግን በተናገርክ ቁጥር እናቴ ስጮህ ትሰማኛለች።" ባልዲውን አስቀመጥኩ። "ዘምዘም ወደ ዳማድ የሚሄድ መኪና ታገኝልሃለች። ዛሬውኑ ሂድ።"

"ሰዎቹ እኮ አምነውሃል። ከእንግዲህ ማን ይነካኛል?"

"ጉድጓድህ የት እንደሆነ አውቃለሁ" አልኩት። "ከይማም የተቀበልኩት ገመድም እኔ ጋ ነው። ሂድልኝ፣ ጌቱ።"

አየኝ። ከዚያ ዕቃውን ሊሰበስብ ሄደ።